ሰባ አምስት ከግማሽ፦ በኒውዮርክ ከተማ የአንዲት ቀጭን ቤት ታሪክ

በኒውዮርክ ከተማ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው አሮጌ ሠፈር፣ ቤድፎርድ በተሰኘው ጠባብ መንገድ ዳር፣ ቁጥሯ 75 ½ የሆነ አንዲት የሸክላ ቤት ቆማለች። የቁጥሯ እንግዳነት ከታሪኳ ጥቂቱን ይናገራል። በዚያች ከተማ ልማድ ጎዶሎ ቁጥሮች ለመንገዱ አንደኛው ወገን፣ ተጋማሽ ቁጥሮች ለሌላው ወገን ስለሚሰጡ፣ በ75 እና በ77 መካከል ለሦስተኛ ቤት የሚሆን ቁጥር አልነበረም። ቤቶቹ ቁጥር ሲታደላቸው በመካከላቸው ሌላ ቤት ሊገባ ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና። ይሁን እንጂ ቤቲቱ ተሠራች፤ ቁጥርም በግማሽ ተፈለገላት።

ከውጭ ሲለካ የፊት ለፊት ወርዷ 9 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በክንድ ቢሰፈር ስድስት ክንድ አይሞላም። የግድግዳው ውፍረት ተቀንሶ ከውስጥ ሲለካ ደግሞ ሰፊ በተባለው ስፍራ 8 ጫማ ከ7 ኢንች ሲሆን፣ እጅግ በጠበበው ስፍራ ግን 2 ጫማ ብቻ ነው። አንድ ጎልማሳ በመካከሏ ቆሞ ሁለት እጁን ቢዘረጋ ግድግዳ ከግድግዳ ለመንካት የሚጎድለው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ወደ ጎን ያጣችውን ወደ ላይ ስትፈልግ ሦስት ፎቅ ሆናለች። በኒውዮርክ ካሉ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ቀጭኗ እየተባለችም ስትጠቀስ ኖራለች።

እንዲህ ያሉ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ትንግርት ይወራላቸዋል። መንገደኛ ቆም ብሎ ይገረማል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ቤቲቱን ያስገኘው ኑሮ ግን ከትንግርቱ በስተጀርባ ተሸሽጎ ይቀራል። ስድስት ክንድ የማይሞላ ቁራሽ መሬት ቤት እንዲሠራበት ያደረገው ምን ነበር? በየዘመኑስ የገባባት ማን፣ የወጣባት ማን ነበር? የዚህች ቤት ታሪክ በዚህ መንገድ ሲመረመር የአንዲት ታላቅ ከተማ የመሬት ታሪክ በትንሽ መስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ፊት ሆኖ ይገኛል።

ግሪንዊች ስሙ እንደሚያመለክተው መንደር ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የኒውዮርክ ከተማ በማንሃታን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ተወስና ስትኖር፣ ግሪንዊች ከእርሷ በስተሰሜን እርሻና የአትክልት ስፍራ ያለበት ገጠር ሆኖ ቆይቷል። ከቀጭኗ ቤት ጎን፣ በቤድፎርድና በኮመርስ መንገዶች ማዕዘን ላይ የሚገኘው 77 ቁጥር የተሠራው በዚያ ዘመን፣ በ1799 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነው። ያሠራው ጆሹዋ አይሳክስ የተባለ ነጋዴ ሲሆን፣ ቤቱ ኋላ በመዳብ ንግድ ስመ ጥር ወደ ነበረው አማቹ ወደ ሃርመን ሄንድሪክስ እጅ ገብቷል። በሠፈሩ ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው እርሱ እንደሆነ ይታወቃል።

መንደሩን ወደ ከተማነት የገፋው የመጀመሪያው ኃይል በሽታ ነው። በ1822 ቢጫ ወባ በታችኛው ከተማ በተነሣ ጊዜ የሚችል ሁሉ ወደ ግሪንዊች ሸሸ። ሰው ብቻ ሳይሆን ባንኮችም ሸሽተው በዚያ ቢሮ ከፍተዋል፤ እስከ ዛሬም «ባንክ» የሚባል መንገድ በሠፈሩ ይገኛል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1811 የከተማው ባለ ሥልጣኖች አብዛኛውን የደሴቲቱን ክፍል እንደ ገበጣ ሠሌዳ በቀጥተኛ መንገዶች የሚከፋፍል ዕቅድ አውጥተው ነበር። ግሪንዊች ግን የራሱ ጠማማ መንገዶች፣ የራሱ አጥርና ድንበር አስቀድሞ ስለነበረው ዕቅዱ አልገዛውም። ይህ ለቀጭኗ ቤት መኖር ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። በመሣሪያ ተለክቶ የተሸነሸነ ቦታ ትርፍ ቁራጭ ብዙም አይተውም፤ በሰው እግር፣ በከብት መንገድና በእርሻ ድንበር የተከፋፈለ ስፍራ ግን ቀዳዳና ጥግ አያጣም።

ከእነዚህ ቀዳዳዎች አንዱ በ75 እና በ77 ቁጥሮች መካከል ነበር። በዚያን ጊዜ ቀዳዳው ባዶ ቦታ አልነበረም፤ የሠረገላ መግቢያ ነው። ባለጸጋ ቤተሰብ ፈረሶቹንና ሠረገላውን የሚያኖረው ከመኖሪያ ቤቱ በስተጀርባ ስለነበር፣ ከመንገዱ ወደ ጓሮው የሚያስገባ መተላለፊያ ያስፈልገው ነበር። የመተላለፊያው ወርድ የሚወሰነው በሠረገላው ወርድ ነው፤ መንኮራኩሩ ግድግዳ ሳይነካ እንዲያልፍ የሚበቃ ያህል፣ ከዚያም በላይ አይደለም። እንግዲህ ቤቲቱ የሰውን ኑሮ አስቦ ባሠመረ እጅ አልተለካችም። ልኳን ያገኘችው ከፈረስና ከመንኮራኩር ነው።

በ1873 የሄንድሪክስ ቤተሰብ ወራሾችን ንብረት በአደራ ያስተዳድር የነበረው ሆሬሾ ጎሜዝ በዚህ መተላለፊያ ላይ ቤት አሠራ። ምክንያቱን ለመረዳት የዘመኑን ከተማ ማሰብ ይገባል። የማንሃታን ሕዝብ በ1870 ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። በየዓመቱ ከአየርላንድና ከጀርመን አገር የሚመጡ ስደተኞች በመርከብ ይራገፋሉ፤ ደሴቲቱ ግን በውኃ የታጠረች ስለሆነች አትሰፋም። የተለመደው የቤት መሥሪያ ቦታ 25 ጫማ በ100 ጫማ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ አምስትና ስድስት ፎቅ እየቆለሉ በእያንዳንዱ ፎቅ ብዙ ቤተሰብ የሚያጭቁ፣ መስኮት የሌላቸው ጨለማ ክፍሎች የሞሉባቸው የኪራይ ቤቶች በየሠፈሩ ተስፋፍተው ነበር። ይህን መጨናነቅ ለመግታት በ1867 የወጣው ሕግ እንኳ ይዘቱ የላላ ስለነበረ የረባ ለውጥ አላመጣም። መሬት ዋጋ በሚያወጣበት በዚህ ገበያ ውስጥ ሠረገላ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት ቁራሽ መሬት ለባለቤቱ የተቀበረ ገንዘብ ሆኖ ይታየዋል። ጎሜዝም የተቀበረውን አወጣ።

ሆኖም ዓመቱ ለባለንብረቶች የደስታ ዓመት አልነበረም። በመስከረም 1873 ጄይ ኩክ የተባለው የታላቅ ባንክ ቤት ከባቡር ሐዲድ ጋር በተያያዘ ብድር ምክንያት ሲወድቅ፣ ጦሱ ለመላው አገር ተርፎ የገንዘብ ገበያው ለጊዜው ተዘጋ፤ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከሥራ ውጪ ሆነ። ቀጭኗ ቤት እንግዲህ የብልጽግናና የውድቀት ዘመን በተገናኙበት ደጃፍ ላይ የተወለደች ናት።

በአሠራር ረገድ ጠባብነት የራሱ ጥቅም እንዳለው የግንባታ ሙያ የሚያውቁ ይረዱታል። ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከአንዱ የጎን ግድግዳ ወደ ሌላው የሚዘረጉ ስለሆኑ፣ ርቀቱ ባጠረ መጠን እንጨቱ አጭርና ርካሽ ይሆናል፤ በመካከል ምሰሶ አያስፈልገውም። በጎንና በጎን ያሉት ጎረቤቶች ብርዱን ይከላከላሉ። ጉዳቱ ብርሃን ላይ ነው። በሁለት ወገን የታፈነ ቤት የሚተነፍሰው በፊቱና በጀርባው ብቻ ነው፤ መካከሉ በቀትርም ይጨልማል። ደረጃውም የሚፈልገውን ወርድ ከክፍሎቹ ላይ ስለሚቀንስ፣ በየፎቁ ለሰው የሚተርፈው ስፍራ ከመተላለፊያ እምብዛም አይለይም። ሠረገላው ቢቀርም መተላለፊያነቱ አልቀረም ማለት ይቻላል።

ቤቲቱ ከተሠራች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ከእርሷም የቀጠነ ሌላ ቤት ተሠርቶ ነበር። የሁለቱ አመጣጥ የተለያየ ስለሆነ ማነጻጸሩ ይጠቅማል። ከግሪንዊች በስተሰሜን ርቆ፣ በሌክሲንግተን ጎዳናና በ82ኛው መንገድ ማዕዘን፣ ሃይማን ሳርነር የተባለ የልብስ ነጋዴ የኪራይ ቤቶች ለመሥራት አስቦ ቦታ ይዞ ነበር። በይዞታውና በጎዳናው መካከል ግን ወርዷ 5 ጫማ፣ ርዝመቷ ከ100 ጫማ ጥቂት የሚበልጥ እንደ መቀነት የቀጠነች መሬት ጣልቃ ገብታ አገኘ። ሌክሲንግተን በ1811ዱ ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ፣ በ1830ዎቹ የተጨመረ ጎዳና ነው፤ አዲስ ጎዳና አስቀድሞ የተከፋፈለ ቦታን አቋርጦ ሲያልፍ እንዲህ ያለ ፍርፋሪ ማስተረፉ የተለመደ ነው። የመቀነቷ ባለቤት ጆሴፍ ሪቻርድሰን ይባላል። እንደሚተረከው ሳርነር 1,000 ዶላር ልስጥህ ሲለው፣ ሪቻርድሰን 5,000 ካልሆነ አልሸጥም አለ። ገዢው ሻጩን ስግብግብ፣ ሻጩም ገዢውን ስስታም ብሎ ተለያዩ።

ሳርነር መሬቷ ለምንም የማትሆን መስላው ሕንፃውን ሠራ፤ መስኮቶቹንም ወደ ጎዳናው አስከፈተ። ሪቻርድሰን በበኩሉ በ1882 በዚያች 5 ጫማ መሬት ላይ አራት ፎቅ ቤት ገትሮ የሳርነርን መስኮቶች ሁሉ ደፈነበት። የከተማው ደንብ ከግድግዳ ወጣ ያለ መስኮት ወደ መንገዱ ማስገባት ይፈቅድ ስለነበር፣ ከመንገዱ ጥቂት ስፍራ ተበድሮ ክፍሎቹን አሰፋ። ያም ሆኖ ደረጃው ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ወደ ክፍል ገብቶ መጠበቅ ነበረበት። ጠረጴዛና ወንበር ሳይቀር በልኩ በተለይ ተሠርቶለታል። ሪቻርድሰን ራሱ በዚያ ቤት ኖሮ በ1897 በዚያው ሞተ። ሁለቱም ሕንፃዎች በ1915 ፈርሰው በስፍራው ትልቅ ሕንፃ ቆመ።

አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ሕንፃ «የቂም ቤት» ይሉታል። ታሪኩ ያስቃል። ነገር ግን ቂሙ የሁለት እልኸኛ ሰዎች ጠባይ ብቻ ተደርጎ ሲተረክ ዋናው ጉዳይ ይሳታል። ሁለቱም የተጣሉት ስለ አንድ ነገር፣ ማለትም ከተማው በአደገ ቁጥር መሬቷ ያለ ማንም ድካም ስለምታፈራው ዋጋ ነው። ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር ያለውን ልዩነት ያመጣው ሪቻርድሰንም ሳርነርም አልነበሩም፤ ጎዳናውን የቀደደው፣ ሐዲዱን የዘረጋው፣ በአካባቢው የሠፈረው ሕዝብ ነው። በመካከሉ የተጎዳው ደግሞ መስኮቱ የተዘጋበት ተከራይ ነበር። የዚያ ተከራይ ስም በየትኛውም ትረካ ላይ ሲጠቀስ አይታይም።

በግሪንዊች ቂም አልነበረም፤ ስሌት ነበር። ለዚህም ይሆናል ቀጭኗ ቤት ለአምሳ ዓመት ያህል ማንም ሳያወራላት የኖረችው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠፈሩ ተለወጠ። ባለጸጎቹ አዲስ ወደ ተሠሩት ሰሜናዊ ጎዳናዎች ሲሄዱ፣ አሮጌ ቤቶቻቸው በክፍል በክፍል እየተከፋፈሉ ለሠራተኞች፣ ኋላም ከኢጣልያ ለመጡ ስደተኞች ተከራዩ። ጠማማዎቹ መንገዶች የንግድ እንቅስቃሴን ስላላመቹ ኪራዩ ዝቅ ያለ ነበር። ኪራይ ዝቅ ያለበትን ስፍራ ቀድመው የሚያሸቱት ገንዘብ የሌላቸው ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና ተዋንያን ናቸውና፣ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ግሪንዊች ቪሌጅ የኪነ ጥበብ ሰዎች መናኸሪያ ሆነ። ፕሮቪንስታውን ተዋንያን የተሰኘው የቴአትር ቡድን በፈረስ ጋጣነት ያገለገለ ቤትን ሳይቀር ቴአትር ቤት አድርጎ ይሠራ ነበር። ሠረገላና ፈረስ የለቀቁትን ቦታ ቅኔና ተውኔት ያዘው።

ኤድና ሴንት ቪንሰንት ሚሌይ ወደ ሠፈሩ የመጣችው በ1917፣ ትምህርቷን እንደ ጨረሰች ነው። በ1892 በሜይን ግዛት የተወለደች ስትሆን፣ እናቷ በአስታማሚነት ሙያ ሦስት ሴቶች ልጆች ያለ አባት ያሳደጉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ሚሌይ በግሪንዊች ቪሌጅ በቀዝቃዛ ክፍሎች እየኖረች ግጥም ትጽፍ፣ በመድረክ ላይ ትጫወት ነበር። በ1919 ጦርነትን የሚነቅፈውን «አሪያ ዳ ካፖ» የተባለ አጭር ተውኔቷን ራሷ አዘጋጅታ ከፕሮቪንስታውን ተዋንያን ጋር አቅርባለች። በ1923 የፑሊትዘር የግጥም ሽልማት አገኘች፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዩጂን ቦይሰቬን የተባለውን የአምስተርዳም ተወላጅና የቡና አስመጪ አገባች። ከጋብቻቸው በኋላ የገቡት በቤድፎርድ መንገድ 75 ½ ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ ቤቲቱ ብዙ ለውጥ ተደረገላት። የላይኛው ፎቅ ለገጣሚዋ የሥራ ክፍል እንዲሆን፣ ከጣሪያው ላይም የብርሃን መስኮት እንዲከፈት ተደርጓል ይባላል። የፊት ለፊቷ አናት ደግሞ በሆላንድ አገር ቤቶች አምሳል እንደ ደረጃ በሚወጣ ግንብ ተከደነ። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመልካች ቤቲቱን ኒውዮርክ ኒው አምስተርዳም በምትባልበት ዘመን፣ ማለትም እንግሊዞች በ1664 ከመያዛቸው በፊት፣ ሆላንዶች የሠሯት አድርጎ ይገምታል። ይህ ስሕተት ነው፤ አናቷ የ1920ዎቹ ጌጥ እንጂ የሆላንዶች ቅርስ አይደለም። ነገር ግን ጌጡ ያለ ነገር የተመረጠ አይመስልም። ቦይሰቬን ባደገባት አምስተርዳም በቦዮቹ ዳር የተደረደሩት የነጋዴ ቤቶች ፊታቸው ጠባብ፣ ጀርባቸው ረጅም ነው፤ ከእነርሱም አንዱ፣ በአውደ ሆኽስትራት 22 ቁጥር የሚገኘው፣ ወርዱ ከሁለት ሜትር ብዙም አይዘልም። ለአምስተርዳም ሰው ጠባብ ቤት ነውር አይደለም።

በቤቲቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ ሚሌይ ሽልማት ያገኘችበትን «የበገና ሸማኔዋ» የተሰኘ ግጥም በዚህ ስትኖር እንደጻፈች ሲያስነብብ ኖሯል። ይህን መቀበል አይቻልም። ግጥሙ የታተመው በ1922 ነው፤ ሽልማቱ የተሰጠው በ1923 ግንቦት ነው፤ እርሷ ወደ ቤቲቱ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ግጥሙ አንዲት ድኻ እናት ለልጇ ልብስ ከበገና ላይ ስትሸምን የሚያሳይ፣ ስለ ችግርና ስለ እናት ፍቅር የተጻፈ ሥራ ሲሆን፣ ምንጩም የሚሌይ የልጅነት ኑሮ እንደሆነ ይታመናል። በጽሑፉ ላይ የተደረገው መሳሳብ ለምን እንደመጣ መገመት አያዳግትም። የድኽነት ግጥም በጠባብ ቤት ተጻፈ ሲባል ለጆሮ ይስማማል፤ ቤቲቱንም ያስከብራል። ሐቁ ግን ድኽነቱ ቀደም ባሉት ቀዝቃዛ ክፍሎች እንደ ነበረ፣ ወደ ቀጭኗ ቤት የገባችው ገጣሚ ደግሞ ስሟ የገነነ፣ ባሏ ነጋዴ የሆነ ሴት እንደ ነበረች ነው።

በ1923 አንድ የኪነ ጥበብ ሰዎች ማኅበር ቤቲቱን ተከራይቶ፣ በአቅራቢያዋ በኮመርስ መንገድ በተቋቋመው በቼሪ ሌን ቴአትር ለሚሠሩ ተዋንያን ይጠቀምባት እንደ ነበርም ተመዝግቧል። ቴአትሩ በ1924 ሲከፈት ሚሌይ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና ትጠቀሳለች። ባልና ሚስቱ ግን በጠባቧ ቤት ብዙ አልቆዩም። በ1925 በኒውዮርክ ግዛት ገጠር ሰፊ እርሻ ገዝተው ስቲፕልቶፕ ብለው ሰየሙት። ሚሌይ እስከ 1950 ዕለተ ሞቷ ድረስ መኖሪያዋ ያ ነበር። ከግሪንዊች ጋር የነበራት መንፈሳዊ ትስስር በዚህ አልተቋረጠም። በነሐሴ 1927 ሳኮና ቫንዜቲ የተባሉት ሁለት ኢጣልያውያን ስደተኛ ሠራተኞች፣ አንዱ ጫማ ሠሪ ሌላው ዓሣ ሻጭ፣ በቦስተን የሞት ፍርድ ሊፈጸምባቸው ሲል በአደባባይ ከተሰለፉትና በፖሊስ ከተያዙት አንዷ እርሷ ነበረች።

በዚያው ሠፈር፣ ከቤድፎርድ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ ከቀጭኗ ቤት እጅግ ያነሰ ሌላ «ይዞታ» አለ። ከተማው ለምድር ውስጥ ባቡር ሲል ሰባተኛውን ጎዳና በ1913 እና በ1914 ወደ ደቡብ ሲያራዝም በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል። ከእነርሱ መካከል የሄስ ቤተሰብ ባለ አምስት ፎቅ የኪራይ ቤት ነበር። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ቀያሾቹ ስሕተት ሠርተው እያንዳንዱ ጎኗ 70 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ባለ ሦስት ማዕዘን መሬት ለቤተሰቡ እንደ ተወችለት ታወቀ። ከተማው በስጦታ ስጡን ሲል እምቢ አሉ፤ በ1922 ሐምሌ ወር መሬቷ ለሕዝብ አገልግሎት ፈጽሞ እንዳልተሰጠች የሚያውጅ የሞዛይክ ጽሑፍ በላይዋ ላይ አስነጠፉ። በ1938 ከጎኗ ለነበረው የትምባሆ መደብር በ1,000 ዶላር ተሸጠች። ሳርነር በ1882 አራት ፎቅ ለሚያስቆም መሬት አቅርቦት የነበረው ዋጋ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ የተገዛው ግን አንድ ሰው ሁለት እግሩን ከሚያሳርፍበት ብዙ የማይበልጥ ስፍራ ነበር።

ቀጭኗ ቤት ከመፍረስ የዳነችው በዕድል ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማው አስተዳደር አሮጌ ሠፈሮችን እየደመሰሰ ሰፋፊ ጎዳናና ረጃጅም ሕንፃ የመሥራት ዘመቻ በያዘ ጊዜ፣ በ1961 የምዕራብ ግሪንዊች አሥራ አራት ያህል መንደሮች በማፍረሻው ዕቅድ ገብተው ነበር። በሃድሰን መንገድ ትኖር የነበረችው ጸሐፊ ጄን ጄከብስ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ዕቅዱን ተቃወመች፤ በ1962 መጀመሪያ ላይም ዕቅዱ ተሻረ። በመላው ከተማ የቅርስ ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1965 ሲሆን፣ ግሪንዊች ቪሌጅ ከ2,000 በላይ ሕንፃዎቹ ጋር በ1969 በታሪካዊ ሠፈርነት ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ቀጭኗን ቤት ማፍረስ ቀርቶ መስኮቷን ለመለወጥ እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የጥበቃው ውጤት ግን ሁለት መልክ ነበረው። ግድግዳው ተጠበቀ፤ ኪራዩ አልተጠበቀም። ለመኖር ርካሽ ስለ ነበረ ኪነ ጥበብ የተወለደበት ሠፈር፣ ኪነ ጥበብ ተወልዶበታል በመባሉ ውድ ሆነ። ገጣሚዋና ተዋንያኑ ለቤቲቱ የሰጡት ዝና ወደ ባለንብረቶች የሒሳብ መዝገብ ዞረ። ቤቲቱ በ2010 በ2,175,000 ዶላር፣ በ2013 ደግሞ በ3,250,000 ዶላር ተሸጣለች። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ወርዷ አንድ ጣት አልጨመረም። የ2013ቱ ዋጋ ለወርዷ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከ11,000 ዶላር በላይ ይደርሳል።

በማዕዘኑ ላይ ያለው ቼሪ ሌን ቴአትርም ከመቶኛ ዓመቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2023 ኤ ትዌንቲ ፎር ለተባለ የፊልም ኩባንያ ተሸጧል። ቴአትሩ በተቋቋመ ጊዜ ተዋንያን ማደሪያ እንዲሆናቸው ጥቂት እርምጃ ርቃ የምትገኘውን ቀጭን ቤት ይከራዩ እንደ ነበር ከላይ ተወስቷል። ዛሬ በዚያ መድረክ ላይ የሚሠራ ወጣት ተዋናይ በቤድፎርድ መንገድ ሲያልፍ ቤቲቱን የሚያያት ሌላው መንገደኛ እንደሚያያት፣ ከደጅ ሆኖ ነው።